ዓባይ በረሃ ላይ የሞተው ተርቦ አልሞተም ነበር

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ማር ማመላለስ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። መኪናዬ ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ናት። ተርቦ አላት፤ በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ተርቦ የሚባለው ስሙ ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። 28 ጄሪካን ማር ጭኜ ድልድዩን ተሻገርኩና ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ጀመርኩ። ዳገቱን የሄደበት ያውቀዋል። በሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጉልበቷ ድንገት ጠፋ። ነዳጁን ብረግጠው ብረግጠው ወይ ፍንክች። ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። በ35 እየተንፏቀቅኩ ሳለሁ ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈኝ። ሲሚንቶ የጫነ!

ዳር ይዤ አጠፋኋት። ትንሽ ቆይቼ ሳስነሳት ምንም እንዳልሆነች ሆነች። አራት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ድሮዋ ወጣች፤ ከዚያ ደግሞ ያው። የመኪናዋ ኮምፒውተር ተርቦው የሚሰጠው የአየር ግፊት ሲዛባበት ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ይቆልፋል። አጥፍተህ ስታስነሳ ቁልፉ ይለቀቃል፣ ችግሩ ግን እዚያው አለ። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ቀን የማውቀው ጸሎት ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ የመጀመሪያው ጋራዥ ማሽኑን ሰካና ፒ0299 የሚል ኮድ አወጣ። ተርቦው የታዘዘውን ያህል ግፊት አልሰጠም ማለት ነው። መካኒኩ አሳጠረው፦ «ተርቦው ሞቷል፣ ይቀየር።» ዋጋውን ሲነግረኝ ወንበር ፈለግኩ። ኮዱ እኮ ትኩሳት አለህ እንደማለት ነው። ወባ ይሁን ታይፎይድ አይነግርህም።

ሁለተኛው ጋራዥ ተርቦውን ትቶ ሴንሰሩ ላይ ዞረ። ቁልፉን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ የግፊት ሴንሰሩን ንባብ አየ። 77 ኪሎ ፓስካል፣ የግፊት መለኪያ ነው። «አየህ ወንድሜ፣ 100 ነው ማንበብ ያለበት። ሴንሰሩ ተበላሽቷል» አለኝ። ዩቲዩብ ላይም አሳየኝ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ መኪና በትክክል 101 ያነባል። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ሴንሰር ገዛሁ። ገጠምነው። 77። ሌላ ሱቅ፣ ሌላ ሴንሰር። 76።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የገባኝ። ሦስት ሴንሰር ተማክሮ አይዋሽም። ቪዲዮውን የሠራው ሰውዬ የሚኖረው ባሕር ዳር ነው። የኛው ባሕር ዳር ሳይሆን የእውነት ባሕር ዳር። ሞተሩ ሲቆም ያ ሴንሰር የሚያነበው በውጭ ያለውን አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ 101 ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ስላለች ወደ 77 ይወርዳል። የኛው ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ 81 አካባቢ ነው። ዓባይ ድልድይ ላይ ወደ 90 ይጠጋል። ሴንሰሬ ጤነኛ ነበር። ሁለቱ ትርፎች አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፣ የሚፈልግ ካለ።

ይህ ከፍታ ተርቦውንም ይነካዋል። ኮምፒውተሩ 210 ኪሎ ፓስካል ስጠኝ ሲለው፣ ባሕር ጠለል ላይ ያለ ተርቦ አየሩን እጥፍ አድርጎ ቢጨምቀው ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ሁለት ነጥብ ሰባት እጥፍ ያስፈልገዋል። እኛ ጋ ተርቦ ሁሌም ትርፍ ሰዓት ነው የሚሠራው። ሌላ አገር ማንም የማያስተውላት ትንሽ ቀዳዳ እኛን ዳገት ላይ ታስቆመናለች።

ከዚያ በኋላ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ትንሽ ብሉቱዝ ስካነር ገዛሁ። ብዙዎቹ ያለውን ግፊት ብቻ ነው የሚያሳዩት። የኔዋ ዕድል ሆኖ የታዘዘውንም ታሳያለች፤ ይህን ሳታረጋግጡ እንዳትገዙ። የእህቴን ልጅ ጎኔ አስቀምጬ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ የታዘዘው 205፣ ያለው 141።»

«አሁንስ?»

«የታዘዘው 210፣ ያለው 138።»

ሎተሪ የሚያወጣ ነበር የሚመስለው። ቢያንስ ግን ኮምፒውተሩ በትክክል እያዘዘ፣ ከታች ያለው እንዳልሰማ አወቅን።

ሦስተኛው መካኒክ ቄራ አካባቢ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ስካነሩን ሳሳያቸው ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ኮፈኑን ከፍተው «አስነሳ» አሉኝ። ከዚያ «አጥፋ»። ደግሞ «አስነሳ»። ዓይናቸው አንድ ቦታ ላይ ነው።

«ምን እያዩ ነው ጋሼ?»

«ዘንጉን። ና፣ አንተም እይ።»

ተርቦው ጎን ድንች የምታህል ክብ ቆርቆሮ አለች። ከሷ ቀጭን ዘንግ ይወጣል። ሞተር ሲነሳ ቫኪዩም፣ ማለትም ፓምፕ አየር ሲመጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል፣ በቱቦ መጥቶ ዘንጉን ይስበዋል። ዘንጉ ደግሞ ተርቦው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ክንፎች ያጠባቸዋል። ጭሱ በጠባብ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ተርቦውን በኃይል ያሽከረክረዋል። ቫኪዩም ካነሰ ክንፎቹ ክፍት ይቀራሉ፣ ተርቦው ይለግማል። የኔ ዘንግ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ጋሼ የቫኪዩሟን ቱቦ ከፓምፑ ጀምረው በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ከሞተሩ ኋላ፣ ሙቀት ያደረቃት ቦታ ላይ ተሰንጥቃለች። ጣታቸውን ሲያሳርፉበት «ሲስ» የሚለው ድምፅ ጠፋ፣ ዘንጉም ሙሉ በሙሉ ተሳበ።

እዚህ ጋ የራሴን ጥፋት ልናገር። «ወፍራሙን፣ የቫኪዩሙን ቱቦ ግዛ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ቤቴ የተረፈ የመስታወት ማጠቢያ ቱቦ ነበረኝ። ልኩ ልክክ አለ። ያቺ ቱቦ ግን የተሠራችው ውሃ ለመግፋት ነው። ስትሞቅ ትለሰልሳለች፣ ስትመጠጥ ግድግዳዋ ይጣበቃል። ጠዋት አሪፍ ትሄዳለች፤ ፍቼ ስደርስ ልምሾ። በዚህ ስስት ሌላ ሦስት ሳምንት አለፈ።

ትክክለኛውን ቱቦ ስገጥም ደግሞ በሽታው ተገለበጠ። ዳገት ላይ እንደ ወይፈን ትፈናጠርና ቀጥ ትላለች። ኮዱ ፒ0234፣ ግፊት በዛ። የታዘዘው 210፣ ያለው 248። ጋሼ ሲሰሙ አልተገረሙም። ክንፎቹ ለወራት ግማሽ መንገድ ብቻ ሲንቀሳቀሱ የቀረው ቦታ ላይ ጥላሸት ተጋግሯል። አሁን ሙሉ ቫኪዩም ሲስባቸው እዚያ ጥላሸት ውስጥ ገብተው ይቀረቀራሉ፣ ኮምፒውተሩ ክፈት ሲላቸው አይመለሱም። በእጅ የሚሠራ የቫኪዩም ፓምፕ አገናኝተው አሳዩኝ። ዘንጉ ሲሳብ ጥሩ ነው። ሲለቁት ግን ይንቀጠቀጥና መሐል ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ጠብ ይላል። ጤነኛው ግን እንደ ቅቤ ነው የሚንሸራተተው።

ሌላ መካኒክ በመሐል «ዘንጉን በብሎኗ ትንሽ እናስረዝመው» ብሎኝ ነበር። ብዙ መኪና በዚህ ምክር ተበላሽቷል። ያቺ ብሎን ፋብሪካ ውስጥ ነው የተለካችው። የተቀረቀረ በር በማጠፊያው አይስተካከልም፤ ይጸዳል እንጂ።

ተርቦው ወረደ። አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ጋሼ የፈቱት የጭስ ማውጫውን በኩል ብቻ ነው፤ ከመፍታታቸው በፊትም ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበት ላይ ምልክት አደረጉ። ውስጡ የእናቴን ጉልቻ ይመስል ነበር። በካርቡሬተር ማጽጃና በለስላሳ ብሩሽ ታጠበ። አዲስ ጋስኬት ገባ። ከማስነሳታችን በፊት ዘይት መግቢያው ላይ ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉበት፣ በደረቁ እንዳይዞር። የከፈልኩት ለተርቦ መቀየሪያ ከተጠየቅኩት አንድ አስረኛው አይሞላም።

በጥር መጨረሻ ያንኑ ጭነት ጭኜ ዓባይን ተሻገርኩ። የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ያነባል። የታዘዘው 207፣ ያለው 204። የታዘዘው 211፣ ያለው 212። አምስተኛው ኩርባ ላይ ሰለቸውና ሙዚቃ ከፈተ።

ጎሃ ጽዮን ላይ ለሻይ ቆምን። ኮፈኑን ከፈትኩና ልጁን መሪው ጋ አስቀመጥኩት።

«አስነሳ። አጥፋ። አስነሳ።»

«ጋሼ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።»

«አንዴ ብቻ። አጥፋ።»