አልበሙ ሳይሸጥ

ዛሬ አንድ ወጣት ጊታሪስት «አልበማችን አልተሸጠም፤ ኮንሰርት ብናዘጋጅ ማን ይመጣል?» አለኝ። ኪስ (Kiss) የተባለውን የአሜሪካ ሮክ ባንድ ታሪክ አጫወትኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አልበሞቻቸው እንደታሰበው አልተሸጡም። እነሱ ግን ፊታቸውን ነጭና ጥቁር ተቀብተው፣ እሳት እየተፉ አሜሪካን ከከተማ ከተማ ዞሩ። ታዋቂ ያደረጋቸው መድረኩ ነው።

እኔ የምወደው የካዲላክን ነገር ነው፤ ሚሺጋን ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን በእነሱ ሙዚቃ ይነቃቃ ነበርና በኦክቶበር 1975 ባንዱ ራሱ መጥቶ ጂምናዚየሙ ውስጥ ተጫወተ። በማግስቱ ቁርስ ላይ የከተማዋ ሹማምንት ሳይቀሩ እንደ ኪስ ተቀብተው ቀረቡ! ሱፍና ክራቫት ለብሰው፣ ፊታቸው ግን ነጭ ቀለም። ከዚያ ባንዱ ከኳስ ሜዳው በሄሊኮፕተር ተነሥቶ ሄደ።

እኛም ጋ ከአዲስ አበባ ውጪ ኮንሰርት የናፈቀው ስንት ወጣት አለ! አዘጋጆች፣ እባካችሁ ትንንሽ ከተሞችንም አስቡ።