ዲያብሎስ ያጋባቸው

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ድረ ገጽ ላይ የድሮ የኔዘርላንድ ህትመቶችን ስጎረጉር አንድ ሰርግ ላይ ደረስኩ። ሙሽራውም ሙሽሪትም አሉ። የሚያጋባቸው ግን ቄስ አይደለም፣ ዲያብሎስ ነው። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከዚያ ስልኩን ማስቀመጥ አቃተኝ።

ለካ ሦስት ምስሎች ናቸው። ንድፋቸው የኔዘርላንዱ ሠዓሊ የሄንድሪክ ጎልትዚየስ ነው፤ መዳብ ላይ የፈለፈላቸው ደግሞ ያን ሳንሬዳም የሚባል ሰው ነው። ለሥጋ ፍላጎት የሚጋቡትን ክንፋሙ የፍቅር አምላክ ኩፒድ ያጋባቸዋል፣ በንጹሕ ፍቅር የሚጋቡትን ክርስቶስ፣ ለገንዘብ ሲሉ የሚጋቡትን ደግሞ ያው ዲያብሎስ። እውነቱን ለመናገር ክርስቶስ ያጋባቸው ጥንዶች ትንሽ ይደብራሉ። ዓይኔ የሚመለሰው ወደ ገንዘቡ ሰርግ ነው።

የደነገጥኩት የጎልትዚየስን ታሪክ ሳነብ ነው። ሰውዬው ገና በ21 ዓመቱ ገደማ በዕድሜ የምትበልጠውን ሀብታም መበለት አገባ፤ ሃርለም ውስጥ የራሱን የህትመት ሥራ ያቋቋመውም በእሷ ገንዘብ ነው ይባላል። ልጇን ያኮብ ማታምን ሙያውን አስተማረው፣ ልጁም ስመ ጥር የመዳብ ምስል ቀራጺ ወጣው። ትዳሩ ግን አልሰመረም። ወዳጁ ካረል ፋን ማንደር በ1604 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚለው፣ ካገባ በኋላ በትካዜ ተውጦ ደም እስኪተፋ ድረስ ታመመ፣ በ1590 ደግሞ ሁሉን ጥሎ ወደ ጣልያን ሄደ። ያውም ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ መንገድ ላይ አሽከሩን ጌታ አስመስሎ፣ እሱ ሎሌ ሆኖ! (ትዳር ያስመረረው ሰው ምን የማያደርገው አለ።)

ግን ቶሎ አልፈርድም። በዚያ ዘመን በትዳር መቀለድ ገበያ ነበረው። ባልና ሚስት የቤቱ አዛዥ ማን ይሁን ብለው በአንድ ሱሪ ሲጓተቱ፣ ሽማግሌ ቦርሳውን ከፍቶ ልጅ እግር ሲያባብል፣ አሮጊትም እንዲሁ ጎረምሳ ስታባብል፣ ይሄ ሁሉ ይታተም ነበር። ህትመት ደግሞ ከቀለም ቅብ ይረክሳል፤ ከአንድ መዳብ ብዙ ወረቀት ይወጣል። ስለዚህ ጎልትዚየስ የሚሸጥ ቀልድ ነው የሠራው ማለት ይቻላል።

ይቻላል፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የመበለቲቱ ስም ማርጋሬታ ነው። በገንዘቧ የተቋቋመ ቤት ጌታ፣ ለገንዘብ የተጋቡትን ለዲያብሎስ ሲድር አስቡት። ምስሉን እንደገና ከፈትኩት። በዚህኛው ዙር ሙሽራውን ትቼ ሙሽሪትን ብቻ እያየሁ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።