ከአንዲት ፊደል ጋር

ሰሞኑን የከረምኩት ከአንዲት ፊደል ጋር ነው። እንግሊዝኛን ገና ከታች የጀመረ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ባለቤቱ «እሱ» ወይም «እሷ» ሲሆን በአሁን ጊዜ ግሥ መጨረሻ ላይ የምትለጠፈው ኤስ ናት። ስለ ራሴ ሳወራ «አይ ወርክ» እላለሁ፤ ስለ እህቴ ሳወራ «ሺ ወርክስ» ማለት አለብኝ። ደንቡ ይኸው ነው፤ ከአንድ መስመር አያልፍም። የመማሪያ መጻሕፍትም ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያስተምሩትና፣ ይህስ ገብቷችኋል በሚል መንፈስ፣ ወደ ሌላ ይሻገራሉ። እኔ ግን አብሬያቸው አልተሻገርኩም።

የሚደንቀኝ በወረቀት ላይ ምንም አለማስቸገሯ ነው። ክፍት ቦታ በሚሞላበት መልመጃ ዓይኔ ባለቤቱን ያያል፣ እጄ ኤሷን ይጨምራል፣ አለቀ። ስናገር ግን ሥራ ይበዛብኛል፦ ግሡን መፈለግ አለ፤ እንደ አማርኛ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ እንዳይሸሽ ከባለቤቱ አጠገብ ማስቀመጥ አለ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ማዘጋጀት አለ። በዚህ ሁሉ መሐል ኤስ አስታዋሽ ታጣለች።

ይህ መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እኮ ግሥን ከባለቤቱ ጋር ማስማማት አብሮን ያደገ ነገር ነው። እሠራለሁ፣ ትሠራለህ፣ ትሠሪያለሽ፣ ይሠራል፣ ትሠራለች፣ እንሠራለን፣ ትሠራላችሁ፣ ይሠራሉ፤ ስምንት መልክ ሳናስበው ይወጣል። እንግሊዝኛ የሚጠይቀን አንድ ለውጥ ብቻ ነው። ስምንቱን የማይስት አፍ አንዷን ለምን ይዘነጋል?

ሳሰላስለው ምክንያቱ የገባኝ ይመስለኛል። በአማርኛ «ትሠራለች» ካልኩ «እሷ» ማለት አያስፈልገኝም፤ ማን እንደምትሠራ የሚናገረው ግሡ ራሱ ነው። ስለዚህ ያንን ምልክት ብጥለው ባለቤቱም አብሮ ይጠፋል። በእንግሊዝኛ ግን «ሺ» ቀድማ ተናግራለች። ኤሷ የምትመጣው ነገሩ ከተነገረ በኋላ ነው፤ ብትቀርም ሰሚው ይረዳል። አእምሮ ደግሞ ቆጣቢ ነው፤ ባይኖርም ለሚያግባባ ነገር ጉልበት አያወጣም።

ይህ የእኔ ብቻ ድካም አለመሆኑን ሳውቅ በጣም ቀለለኝ። ሮጀር ብራውን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እንግሊዝኛን አፍ መፍቻቸው ያደረጉ ሦስት ሕፃናትን ንግግር ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ውጤቱን አሳትሟል። 14 የሰዋስው ምልክቶች በምን ቅደም ተከተል እንደሚለመዱ ሲመረምር፣ የመጀመሪያ ሆኖ ያገኘው ድርጊት በመካሄድ ላይ መሆኑን የሚያሳየውን ኢንግ ነው። የስም ብዙ ቁጥር ኤስም ቀደም ብላ ትመጣለች። የእኔዋ የግሥ ኤስ ግን አሥረኛ ናት። እንግዲህ በድምፅ ከእህቷ የማትለይ ፊደል ስም ላይ ስትሆን ፈጥና ትለመዳለች፣ ግሥ ላይ ስትሆን ትዘገያለች። በዚያው አሥር ዓመት እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ በሚማሩ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ወደ ኋላ ከሚቀሩት ምልክቶች ውስጥ አግኝተዋታል። መጻሕፍቱ መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጡት ለማስረዳት ቀላል ስለሆነ እንጂ ለመልመድ ቀላል ስለሆነ አይደለም።

ጥያቄና አሉታ ሲመጡ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። «ዳዝ ሺ ወርክ?» ሲባል ኤሷ ከዋናው ግሥ ተነሥታ ረዳት ግሡ ላይ ትቀመጣለች፤ ግሡ ባዶውን ይቀራል። «ሺ ዳዝንት ወርክ» ሲባልም እንዲሁ። ሁለቱ ላይ መድገም አይፈቀድም። እዚህ ላይ ጥንታዊውን እንግሊዝኛ መመኘት ያምረኛል፤ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያለ ረዳት ግሥ፣ ግሡን ብቻ ከባለቤቱ ፊት አስቀድሞ መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን ያን ጊዜ ለነጠላ «አንተ» የሚሆን ሌላ ተውላጠ ስምና ሌላ የግሥ መድረሻ ነበር፤ ለ«እሷ» ደግሞ ከኤስ ጎን ለጎን በቲ ኤች የሚያልቅ ሌላ መድረሻ ይሠራበት ነበር። ምኞቴን መለስኩት።

ክፍት ቦታ መሙላትን አልተውኩትም፤ ግን ዓይንን እንጂ አፍን እንደማያሠለጥን አምኛለሁ። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ስለ ራሴ ውሎ አጭር አንቀጽ እጽፋለሁ፦ እነሣለሁ፣ እታጠባለሁ፣ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ ማታ አነባለሁ። ከዚያ ደብተሩን ሳልመለከት ያንኑ ስለ እህቴ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። በመቀጠል ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ወደ ጥያቄ፣ ከዚያም ወደ አሉታ እለውጣለሁ። እህቴ በዚህ ደብተር ውስጥ አንድም ቀን ዕረፍት አግኝታ አታውቅም። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ዓረፍተ ነገሮች ይልቅ እነዚህ ይጠቅሙኛል፤ እውነት ስለሆኑ ትርጉማቸውን ለማሰብ ጊዜ አላጠፋም፣ የተረፈው ሐሳቤ ወደ ኤስ ይሄዳል።

ጮክ ብሎ መናገሩ ሌላም ነገር አሳየኝ፤ ፊደሏ አንድ ብትሆንም ድምፅዋ ሦስት ነው። «ወርክስ» ላይ ስ ናት፤ «ሪድዝ» ላይ ዝ ትሆናለች፤ «ዎሽ» የሚለው ግሥ ጋ ስትደርስ ደግሞ ሙሉ ክፍለ ቃል ጨምራ «ዎሺዝ» ታሰኛለች። በጽሑፍ ብቻ የሚማር ሰው ይህን ከየት ያገኘዋል?

ስለ «ኤ» እና «ዘ» ዛሬ አልጽፍም። ከእነሱ ጋር ገና አልተጋጠምኩም፤ ይቆዩኝ።

ቀጣዩ ምዕራፍ ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ማታ አስቀድሜ ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ደስ የሚለው እዚያ ኤስ የለችም፤ «አይ ወርክድ»፣ «ሺ ወርክድ»፣ ሁሉም እኩል ነው። ከመጽሐፉ ጀርባ ግን ደንብ የማይከተሉ ግሦች ሰንጠረዥ አለ፤ «ጎ» ወደ «ዌንት» የሚቀየርበት ዓይነት። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ማስቀመጥ የሚለው ትርጉም ያለው «ፑት» ደስ አለኝ፤ በአሁን ጊዜም «ፑት»፣ በኃላፊ ጊዜም «ፑት»። ምንም የሚጠና ነገር የለውም ብዬ ልዘለው ስል ቆም አልኩ። «ሺ ፑትስ» ካልኩ እህቴ ዘወትር የምታደርገው ነው፤ «ሺ ፑት» ካልኩ ግን አድርጋ ጨርሳለች። ሁለቱን የሚለያቸው ያቺው ኤስ ብቻ ናት። ብትቀርም ሰሚው ይረዳል ብዬ ከላይ የጻፍኩት እዚህ ግሥ ላይ አይሠራም፤ ነገ መልመጃዬን የምጀምረው በእሱ ነው።