የማን ሰዓት ነው የተቆጠበው?

ዛሬ ልቤ ከብዶኛል። የተለየ ነገር ተፈጥሮ አይደለም። ወሩ ሊያልቅ ሲል እንዲህ እሆናለሁ። ክረምቱም ገብቷል፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ዋለ። ቢሮ ስለ ዋጋ ሲወራ ዋልን፤ ባጃጅ ውስጥም ያው ወሬ ነው። ቤት ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ሌማቱን ከፈትኩት። ያለፈው ጋገራ ትራፊ ጠርዙ መድረቅ ጀምሯል። በዚህ እርጥበት ነገ ይሻግታል። እንጀራ ደግሞ በእኛ ቤት አይጣልም።

ለድርቆሽ ቆራረስኩት። ዛሬ የጋገራ ቀን ስለሆነ ተመቸኝ። በበጋ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በክረምት ግን ፀሐዩን ማን አየው! ያለኝ ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በቤታችን የእሱን ያህል መብራት የሚበላ የለም። ታሪፉም በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀምን ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሊጡ ኩፍ ሳይል፣ ማሰሻውና ሰፌዱ አጠገቤ ሳይሆን ምጣዱን አልሰካም። አንዴ ከጋለም አላስቀዘቅዘውም። የመጨረሻዋን እንጀራ መብራቱን አጥፍቼ ነው የማወጣት። ከዚያም በኋላ ሸክላው ለረጅም ጊዜ ትኩስ ነው። ድርቆሹ የሚደርቀው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ የደምቢያዋ አክስቴ ናት። ባቄላና ሽምብራ ሳይዘፈዘፍ እሳት አያይም ትላለች። ምክንያቱን የደረስኩበት ቆይቼ ነው። ከተማችን ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ 93 አካባቢ ላይ ይፈላል። ድስቱ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ጥራጥሬው የሚበስለው በዚያች ሙቀት ብቻ ነው። ቆላ ካለው ዘመዳችን ቤት ይልቅ እኛ ቤት ከሰሉ ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል ቢጨመርበት ውሃው ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ማታ መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ ሲፈላ እሳቱን መቀነስ ነው። አክስቴ ስለ ዲግሪ ያስተማራት የለም። ግን ይህን ሁሉ ከእኔ ቀድማ ታውቀዋለች። በዚህ ሁሌም እኮራባታለሁ።

ቅቤም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም፣ በዚያ 55 ቀን፣ ቅቤ ፈላጊ ሲያጣ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ ትገዛለች። በኮረሪማና በኮሰረት አንጥራ ለፋሲካ ታደርሰዋለች። ለበዓሉ ዋዜማ ሲሻማ የሚያድር ሰው ያሳዝናታል። ጠላ ስትጠምቅ ወፍራሙ ካለቀ በኋላ ውሃ ጨምራ ቅራሪ ታወጣለች። አተላው ለጎረቤት በጎች ይሄዳል፤ ከበጎቹ የሚመጣው ፍግ ለጓሮ ጎመኗ ነው። ውሃውን ደግሞ የእኛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የከተማችን ውሃ የሚመጣበትን አንገረብ ግድብን ደለል አስቸግሮታል፤ ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ጎመን የታጠበበት ለጓሮ፣ የልብሱ የመጨረሻ መለቅለቂያ ለመጸዳጃ ቤት።

ይህን እያሰብኩ ለነገ የሚሆን ምስር በሰፌድ መልቀም ጀመርኩ። የወንድሜ ልጅ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝና፣ «እቴቴ፣ የተለቀመ ምስር'ኮ ሱቅ አለ» አለች።

«ውድ ነው» አልኳት።

«ያንቺስ ሰዓት በነፃ ነው?»

መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ሁሉ ይህን ነው።

ስለ ቁጠባ ስናወራ የምንቆጥረው ብሩን ብቻ ነው። ይህን ያህል ቀነሰ፣ ይህን ያህል ተረፈ እንላለን። የተረፈውን ብር ማን ተቀምጦ እንዳተረፈው አንጠይቅም። አክስቴ ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ነው የምትተኛው። ደመወዝ አልነበራትም፤ ለቤቷ የምታወጣው ጊዜዋን ነበር። ያለ እሱ ያ ሁሉ ልጅ ባላደገ። እኔ ደግሞ ደመወዝ አለኝ፤ ጊዜ ግን የለኝም። የእሷን ጥበብ እንዳለ ብወስደው የሚበቃኝ ቀን አላገኝም።

ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ባቄላ ማታ መዘፍዘፍ ምንም ጊዜ አይወስድም። ድስት መክደንም እንዲሁ። ቅቤውን በጾም ለመግዛት ማስታወስ ብቻ ይበቃል። ምጣዱን በቀረው ሙቀት መጠቀምም ያው ነው። እነዚህን ለማንም እመክራለሁ፤ ብር ያድናሉ፣ ማንንም አያደክሙም። ለቀማው፣ ውሃ ማመላለሱ፣ ሽሮ ማሰናዳቱ ግን ወገብ ነው፤ ሰዓት ነው። ባለቤቴም ገበያ ላይ ጎበዝ ነው። ዋጋ ያስቀንሳል፣ ተሸክሞ ያመጣል። ሰፌድ ይዞ ሲለቅም ግን አላየሁትም፤ እኔም እንካ ብዬው አላውቅም። ቁጠባው የሁላችንም ከሆነ ልፋቱ ለምን የእኔ ብቻ እንደሚሆን ዛሬ ማታ ልጠይቀው ነው። ያለ ጠብ፣ ዝም ብዬ ልጠይቀው።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ስለ አያቴ የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት ምስር ስንለቅም ነው። ማን ማንን እንዳገባ፣ በክፉ ቀን ማን ለማን እህል እንዳበደረ፣ እናቴ በልጅነቷ ምን ዓይነት እንደነበረች። አክስቴ እጇ ሥራ ላይ ካልሆነ አታወራም። ዝም ብላ ተቀመጪና አውሪን ቢሏት የምትናገረው የላትም። ያ ሰዓት ለእሷ ድካም እንደነበር አልክድም፤ ለእኔ ግን ትምህርት ቤት ነበር።

ልጅቷ ከሰኞ ጀምሮ ፈተና አለባት። እንድታጠና ትቻት የተለቀመውን ምስር ብገዛ፣ ይህን ሁሉ መቼ ነው የምነግራት? ሰፌዱን ብሰጣት ደግሞ፣ ያንን ሰዓት እኔም ከእሷ ላይ እየወሰድኩባት አይደለም?