ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የሞቱት

ሰሞኑን የሶፎክለስን «አንቲጎኔ» እንደገና አነበብኩት። ከ2,400 ዓመት በፊት አቴንስ ውስጥ የተጻፈ ተውኔት ነው። ጎንደር ተቀምጦ ለሚያነበው ሰው ግን የሩቅ አገር ወሬ አይመስልም።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። ኤቴዎክለስና ፖሊኔይከስ ወንድማማቾች ናቸው። በቴብስ ዙፋን ተጣሉ፤ አንዱ ከተማውን ሲጠብቅ ሌላው የውጭ ጦር ይዞ መጣና በመጨረሻ ተገዳደሉ። ተውኔቱ ሲጀምር ይሄ ሁሉ አልፏል። ጠላት ሸሽቷል፣ ከተማው ተርፏል። ሥልጣኑን የያዘው አጎታቸው ክሬዮን ግን አዋጅ አስነገረ። ኤቴዎክለስ በክብር ይቀበር፣ ፖሊኔይከስ ግን አይቀበር፣ አይለቀስለት፣ ውሻና አሞራ ይብላው፣ የቀበረውም ይሙት አለ።

እኔን የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው። ተውኔቱ ውስጥ የሚሞቱት ሁሉ የሚሞቱት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው።

እኛ ሰፈር የእድር ጥሩምባ ሲነፋ፣ ተካሰው የከረሙ ጎረቤታሞች እንኳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ። ድንኳን ይተክላሉ፣ ሬሳ ይሸኛሉ፣ ሳይነጋገሩም ቢሆን አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያመሻሉ። ጥል የሚበርደው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ክሬዮን የዘጋው ይህንን በር ነው።

እህታቸው አንቲጎኔ ግን አዋጁን አልተቀበለችም። ሬሳው ላይ አፈር በተነች። ጠባቂዎቹ አፈሩን ጠርገው ሬሳውን መልሰው ራቁቱን አስቀሩት። ተመልሳ ስታየው ጮኸች፤ ደረቅ አፈር በእጇ ዘግና አለበሰችው፣ ከነሐስ ማንቆርቆሪያም ለሙታን የሚፈሰውን መሥዋዕት ሦስት ጊዜ አፈሰሰችለት። ወንጀሏ በቃ ይሄ ነው።

ለክሬዮን የሚከራከሩ ጓደኞች አሉኝ። ከጦርነት የወጣ አገር ሕግ ያስፈልገዋል፣ አገሩን የጠበቀና የወጋ እኩል አይታይም ይላሉ። ይገባኛል። ግን የገዛ ልጁ ሄሞን፣ የአንቲጎኔ እጮኛ፣ ነግሮታል እኮ! ሕዝቡ አንተን ፈርቶ ነው እንጂ በየጓዳው ለልጅቷ እያለቀሰ ነው አለው። አልሰማም። ልጅቷን ከነሕይወቷ ዋሻ ውስጥ ዘጋባት።

ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬሲያስ፣ ውሾችና አሞሮች የሬሳውን ሥጋ እስከ መሠዊያው እያደረሱት ነው ሲለውም አልሰማም፤ የገዛ ልጅህን ሬሳ ትከፍላለህ ብሎ ሲያስፈራራው ነው የደነገጠው። የከተማው ሽማግሌዎች መጀመሪያ ልጅቷን አውጣ፣ ከዚያ ሬሳውን ቅበር አሉት። እሱ በሬሳው ጀመረ። ይህቺን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ዋሻው ሲደርስ አንቲጎኔ ታንቃለች። ሄሞን ሰይፉን በአባቱ ላይ መዘዘ፣ ሳተው፣ በራሱ ጎን ሻጠው። እናትየው ዩሪዲቄ መርዶውን ሰምታ ዝም ብላ ወደ ቤት ገባች፤ እዚያ ባሏን እየረገመች ራሷን ገደለች። ሌላው ልጃቸውም ቀድሞ ሞቷል። አስከሬን አይቀበር ያለው ሰውዬ እሱ ራሱ ጧሪ ቀባሪ አጥቶ ቀረ።

ስለ ኢስሜኔ ግን ማንም አያወራም። አንቲጎኔ እንቅበረው ስትላት ፈርታ እምቢ ያለችው እህት ናት፤ በኋላ አብሬሽ ልሙት ብትልም አንቲጎኔ አልፈቀደችላትም። ወላጆቿ የሉም፣ ሁለት ወንድሞቿ ተጋደሉ፣ እህቷ ታነቀች። ተውኔቱ ሲያልቅ ስሟ እንኳ አይነሳም። እዚህ ጎንደር «አንቲጎኔ»ን መድረክ ላይ የሚያወጣ ሰው ካለ አንድ ነገር እለምነዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ኢስሜኔን አውጥቶ ያሳየን።