በቆሻሻ መኪና የመጣ ጣጣ

እኛ አሜሪካ ያለን ትራክ ነጂዎች የሜምፊስን ከተማ የምናውቃት በመጋዘኖቿ ነው። ታራግፋለህ፣ ትጭናለህ፣ አይ-40 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘህ ውልቅ ነው። እኔ ከተማዋን ያየሁት በአንድ ትሬለር ብሬክ ሰበብ ነው።

አብሮኝ ቲም የሚነዳው (አንዱን ትራክ በየተራ ነው የምንነዳው) ልጅ ለሥራው ገና አዲስ ነው። ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ስንፈትሽ ከኋላ እግር በኩል “ሽሽሽ” የሚል ድምፅ ሰማን። ተንበርክኬ በባትሪ አየሁት። ከብሬኩ አየር እየወጣ ነው። ሞተሩን አጥፍተን ፍሬን ስንረግጥ የአየር ጌጁ መርፌ ዓይናችን እያየ ቁልቁል ወረደ።

ጭነት የሚመድብልን ዲስፓቸር ጋ ደወልኩ። ያገሬ ልጅ ነው፤ አፉ ማር ነው።

“ጋሼ፣ እስከ ናሽቪል ብቻ ያድርሷት። እዚያ የምናውቀው መካኒክ አለ።”

ናሽቪል እኮ ከ200 ማይል በላይ ነው። አይሆንም አልኩት። ጭነቱ ይዘገያል፣ ደንበኛው ይቀየማል፣ ብዙ ተባባልን። ልጁም “ቀስ ብለን ብንነዳትስ?” ብሎ አጉረመረመ። የሚከፈለው በማይል ነው፤ አልፈረድኩበትም።

እዚያው ሜምፊስ ያገኘነው መካኒክ የምመጣው ከሰዓት በኋላ ነው አለ። ግቢ ውስጥ ተጎልተን ከምንውል ብዬ ልጁን ይዤው ሎሬይን ሞቴል ሄድኩ። የጥቁሮች መብት ታጋዩ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1968 የተገደሉበት ቦታ ነው። ከ1991 ጀምሮ የሲቪል መብቶች ሙዚየም ሆኗል።

ከውጭ ሲያዩት ተራ ሞቴል ነው። 306 ቁጥር ክፍል ፊት፣ በረንዳው ላይ፣ ቀይና ነጭ የአበባ ጉንጉን ተሰቅሏል። ከሥሩ የዚያን ዘመን መኪኖች ቆመዋል። ልጁ ከመኪኖቹ ጋር ሰልፊ ተነሳ። እኔም ያንን የታወቀ ንግግራቸውን ሰምተን እንወጣለን ብዬ ነበር።

ውስጥ ስንገባ ልጁ አንድ የቆሻሻ መኪና ጋ ደርሶ ቀጥ አለ።

ዶክተር ኪንግ ሜምፊስ ምን ሊያደርጉ እንደመጡ አብዛኞቻችን አናውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው በ1968 ፌብሩዋሪ 1 ቀን ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የሚባሉ ሁለት ጥቁር ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ዝናብ ለመጠለል ከመኪናቸው የኋላ ክፍል ውስጥ ገቡ። ቆሻሻ የሚጨፈልቀው ማሽን በብልሽት ተነሳና ሁለቱንም ገደላቸው። ሠራተኞቹ ስለ አሮጌዎቹ መኪኖች አስቀድመው አቤት ብለው ነበር። ሰሚ አላገኙም። ለሟች ቤተሰቦች የአደጋ ካሳ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከከተማው የተሰጣቸው የአንድ ወር ደሞዝና ለቀብር 500 ዶላር ነው። 500 ዶላር!

ፌብሩዋሪ 12 ላይ 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። “እኔ ሰው ነኝ” የሚል ሰሌዳ ይዘው ሰልፍ ወጡ። ኪንግ የመጡት ከእነሱ ጎን ለመቆም ነው፤ እዚያው ቀሩ። እሳቸው በሞቱ በ12ኛው ቀን ከተማው ለሠራተኛ ማኅበሩ እውቅና ሰጠ፣ ደሞዝም ተጨመረ።

“ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው በመኪና ብልሽት ነው እንዴ?” አለኝ ልጁ።

“ብልሽቱን የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ማን ይስማቸው?” አልኩት።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ አየን። 306 ቁጥር በመስታወት ነው የሚታየው። ያልተነጠፈ አልጋ፣ የቡና ስኒ። ልጁ ግን ሐሳቡ መኪናው ላይ ቀርቷል።

ስንመለስ አንድ ነገር ነገርኩት። አሜሪካ ውስጥ ከ1983 ጀምሮ ለአደጋ የሚያጋልጥ ትራክ አልነዳም ያለን ሾፌር በዚህ ምክንያት ማባረር በሕግ ክልክል ነው። የእኛ ሰው ይህን አያውቅም፤ ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ዝም ብሎ ይነዳል። በስልክ የተነገረ ብልሽት ደግሞ አደጋ ሲመጣ “አልሰማንም” ይባላል። ስለዚህ ጻፍ፣ ፎቶ አንሳ አልኩት።

መካኒኩ መጥቶ የብሬኩን ቻምበር ፈታው። ውስጡ ያለው ጎማ ተቀዷል። ዲስፓቸሩ አኩርፎኝ ሰነበተ።

ልጁ አሁን ጠዋት ጠዋት ባትሪውን ይዞ ከትሬለር ሥር አይወጣም። ባለፈው አንዲት የጎን መብራት አልበራ አለች። “ጋሼ፣ ሪፖርት ላይ ጽፌያለሁ፤ ሳትሠራ አንነሳም” አለኝ። ዲስፓቸሩ ጋም ራሱ ደወለ። እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጠራ።

“ጋሼ፣ ይሄን ልጅ የት ነው የወሰዱት?”