ስልሳ ያርድ ላይ የቆመው ኤልክ

ኮሎራዶ ከገባሁ ወዲህ ከጀመርኳቸው ነገሮች ሁሉ ወዳጆቼን የሚገርማቸው በቀስት ማደኔ ነው። "ጠመንጃ በሞላበት አገር ቀስት ምን ይሠራል?" ይሉኛል። አስከትለው የሚጠይቁኝም ሁልጊዜ አንድ ነው። "ከስንት ሜትር ትመታለህ?"

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ልጻፍ። ኢንተርኔቱ 80 እና 100 ያርድ ላይ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ትልልቅ አውሬ በቀስት ሲወድቅ በሚያሳዩ ቪዲዮዎች ተጥለቅልቋል። ከእኛም ልጆች ያንን አይተው ቀስት የገዙ አሉ። ቪዲዮው ቆርጦ የሚያስቀረውን ክፍል ግን እኔ ቆሜ አይቼዋለሁ።

ወደ አደን ያስገባኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የሌሊት ፈረቃ አብረን እንሠራ ነበር። ዕድሜው የገፋ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ያኔ እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ሥራ ቦታ ከሰው ጋር የማወራው ከሰላምታ አያልፍም። እሱ ግን በእረፍት ሰዓት አጠገቤ ይቀመጥና ስልኩ ላይ ያለውን የተራራ ፎቶ ያሳየኛል። አንድ ቀን "ለምን አብረኸኝ አትወጣም?" አለኝ። ወጣሁ። ሮኪ ተራሮች ላይ፣ አስፐን በሚባሉት ግንደ ነጭ ዛፎች መሀል፣ ማንም ብዙ እንዲያወራ አይጠበቅበትም። ቃል እየፈለግኩ ከመጨናነቅ የተገላገልኩት እዚያ ነው። ለስደተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እርግጥ ቀስት አንስቶ ዝም ብሎ መውጣት የለም። ኮሎራዶ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአደን ፈቃድ ለመግዛት የአዳኞችን ትምህርት ጨርሶ ካርድ መያዝ አለበት። ኤልክ የሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዓይነት በቀስት የሚታደንበት ጊዜ ሴፕቴምበር ነው። የቀስቱ የመሳቢያ ክብደት፣ ማለትም አውታሩን ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት፣ ቢያንስ 35 ፓውንድ መሆን አለበት። ያቆሰሉትን አውሬ ሳይፈልጉ ጥሎ መሄድ በሕግ ያስጠይቃል፤ ሥጋውን ማባከንም እንደዚያው። ትምህርቱን ስወስድ ከሁሉ የወደድኩት እነዚህን ሁለቱን ነው።

አሁን አብዛኛው የቀስት አዳኝ የሚይዘው ኮምፓውንድ ቀስት ነው። ሆሌስ ዊልበር አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው በ1969 የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ ነው። ጫፎቹ ላይ መዘውሮች አሉት። ስትስቡት መጀመሪያ ይከብዳል፤ እስከ መጨረሻው ከሳባችሁት በኋላ ግን መዘውሮቹ አብዛኛውን ክብደት ይሸከሙላችኋል። ስለዚህ ስቦ ይዞ፣ ተረጋግቶ ማነጣጠር ይቻላል። ርቀት የሚለካ ሌዘር ሲጨመርበት፣ በደንብ የተለማመደ ሰው 60 ያርድ ላይ ፍላጻዎቹን መዳፍ በምታህል ቦታ ይደረድራቸዋል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ዒላማ አይራመድም።

ነገሩን በቁጥር ላሳያችሁ። ጥሩ ቀስት ፍላጻን በሰከንድ 85 ሜትር ያህል ያስወነጭፋል። 60 ያርድ 55 ሜትር ነው። ፍላጻው እዚያ ለመድረስ ወደ ሁለት ሦስተኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ስለሚሄድ የአውታሩ ጩኸት ቀድሞት ይደርሳል። አውሬው ሰምቶ ለመደንገጥ ግማሽ ሰከንድ አለው። ሊሮጥ ሲል ደግሞ መጀመሪያ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል። ወይም ምንም ሳይሰማ፣ ሣር ፍለጋ ብቻ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ይራመዳል። ሳንባው በነበረበት ቦታ ላይ አሁን ሆዱ አለ።

በዚያ ላይ ፍላጻው እየሄደ ይወርዳል። 60 ያርድ ላይ ከተወነጨፈበት መስመር ከ2 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ 20 ያርድ ላይ ግን 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 60 ላይ ርቀቱን በ3 ሜትር የሳተ ሰው፣ ፍላጻው ካሰበው ቦታ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ይልበታል። ነፋሱን ገና አልቆጠርንም። ልብ ምቱንም እንደዚሁ፤ ወንዱ ኤልክ ፊት ለፊቱ ሲያጓራ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው እኔ አላየሁም።

ፍላጻ የጥይት ጉልበት የለውም። የትልቅ አውሬ ጠመንጃ ጥይት ከ3000 ጁል በላይ ይዞ ይወጣል፤ ፍላጻ 90 ገደማ ነው። የሚገድለው በስለቱ ቆርጦ፣ ደም በማፍሰስ ነው። ሁለቱንም ሳንባ በስቶ ካለፈ አውሬው ብዙ ሳይርቅ በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። ሆድ ከገባ ግን ለሰዓታት ይሠቃያል።

አንድ ምሽት ሦስት ሆነን ወጥተን ነበር። ሦስተኛው፣ ባልደረባዬ የጋበዘው ሰው ነው፤ ዒላማ ላይ የሚያክለው የለም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከአስፐኖቹ ጠርዝ አንድ ወንድ ኤልክ ብቅ አለ። ከ300 ኪሎ የማያንስ፣ ቀንዱ የተንሰራፋ ግዙፍ አውሬ። ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ሰውዬው በሌዘር ለካው፤ 61 ያርድ። ባልደረባዬ መዳፉን ወደ መሬት ዝቅ አደረገ፤ ተወው ማለቱ ነው። ሰውዬው ግን ስቦ ነበር። ለቀቀው። ፍላጻው አየር ላይ ሳለ ኤልኩ አንድ እግሩን አነሳ። ድው የሚል ድምፅ ሰማን። ዘለለ፤ ከዚያ ጀርባውን አጉብጦ፣ ቀስ እያለ ወደ ጫካው ገባ። ባልደረባዬ ያንን የጀርባ መጉበጥ ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ። ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ፍላጻውን ማዶ ወድቆ አገኘነው። የታኘከ ሣር የመሰለ አረንጓዴ ነገር ተለጥፎበታል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጨጓራ ነው። እንዲህ ሲሆን ወዲያው መከታተል አይሆንም። ካልነኩት ቅርብ ቦታ ይተኛል፤ ከገፉት ስንት ኪሎ ሜትር አቋርጦ ይጠፋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅ ነበረብን። ከሦስታችን ማንም አልተኛም። ሌሊቱ ደግሞ ለወቅቱ ሞቃት ነበር፤ ለሥጋው መጥፎ ዜና ነው።

ሲነጋ ተንበርክከን ፍለጋ ጀመርን። መሬቱ በረገፈ የአስፐን ቅጠል ቢጫ ሆኗል። ችግሩ፣ ቅጠሎቹ የራሳቸው ጥቁር ነጠብጣብ አላቸው፤ ከደረቀ ደም ጋር ይመሳሰላል። ባልደረባዬ ጣቱን በምራቅ እያራሰ እያንዳንዷን ነጠብጣብ ያሻታል። ጣቱ ከቀላ ደም ነው። ደም ባገኘንበት ሁሉ ቁራጭ ሶፍት ቅርንጫፍ ላይ እናንጠለጥላለን፤ ወደ ኋላ ዞር ስንል አውሬው የሄደበት መስመር እንዲታየን። መስመሩ ትንሽ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያለው ተራርቆ ተሰልፎ ጫካውን ማሰስ ብቻ ነው።

ያገኘነው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ጅረት ዳር ነው። በተኛበት በኩል ያለው ሥጋ ተበላሽቷል። የቀረውን ለማዳን እስኪመሽ ሠራን። ሰውዬው ቢላዋውን ይዞ ሲሠራ አንድ ቃል አልወጣውም። እኔም አልተናደድኩበትም። አውሬው ያን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፈው ሳስብ ግን ሆዴ ባባ።

ባልደረባዬ የአደኑ ወቅት እስኪደርስ ድረስ በየሳምንቱ 80 ያርድ ላይ ዒላማ ይመታል። ኤልክ ላይ ግን ከ35 አያልፍም። ሁለቱ አይጋጩም። 80 ላይ ትንሿ የእጅ ስህተት ወለል ብላ ትታያለች፤ እዚያ ያረማት ሰው 30 ላይ ተረጋግቶ ይለቃል። የሩቁ ልምምድ ለቅርቡ ነው የሚጠቅመው። እኔም ወሰኔን እዚያው 35 ላይ አድርጌያለሁ።

መጠጋት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ እኔ ደግሞ ከአደኑ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ጠዋት ፀሐይ ተራራውን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ማታ ከኤልኩ በላይ የቆመ ሰው ሽታው ወርዶ አፍንጫው ውስጥ ይገባል፤ አለቀ። ነፋሱን ለማየት ትንሽ ጠርሙስ ዱቄት ይያዛል። ጨመቅ ሲያደርጉት አየሩ የሚሄድበትን ያሳያል።

የአሜሪካ የቀስት አደን ታሪክ ውስጥ የሚነሳ አንድ ሰው አለ፤ ኢሺ ይባላል። ያሂ ከተባለው የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝብ በሕይወት የተረፈ የመጨረሻው ሰው ነው። ወገኖቹ ሁሉ አልቀው፣ በ1911 ካሊፎርኒያ፣ ኦሮቪል ውስጥ ብቻውን ብቅ አለ። ሳክስተን ፖፕ የተባለ ሐኪም ወዳጁ ሆነና ቀስት ከእሱ ተማረ። በ1961 የተቋቋመው የቀስት አዳኞች ማኅበር ስሙን ያገኘው ከዚህ ሐኪምና ከጓደኛው ከአርተር ያንግ ነው። ኢሺ በከንፈሩ የተጨነቀ ጥንቸል ድምፅ እያሰማ አውሬ ወደ ራሱ ይጠራ ነበር። እሱ አውሬውን ያቀርበው ነበር። ማንም በሌለው አገር ብቻውን የቀረ ሰው፣ ያወቀውን ለባዕድ ማስተማሩን ሳስብ ልቤ ይነካል።

የመጀመሪያዬን ኤልክ የመታሁት 27 ያርድ ላይ ነው። ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። ፍላጻው በጎኑ ገብቶ በማዶ ወጣ፤ የወደቀው ዓይኔ እያየው ነው። ሶፍት አላስፈለገንም።

ቀስት የገዛችሁ ልጆች፣ ወሰናችሁን ከተራራው በፊት ቤታችሁ ወስኑ፤ አውሬው ፊታችሁ ከቆመ በኋላ የሚወስነው ጉጉታችሁ ነው። አውሬው ተረጋግቶ ይሁን ነቅቶ ለማወቅ ጆሮውን እዩ፤ ጆሮው ወደ እናንተ ከዞረ 30 ያርድም ሩቅ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ስለት ያለውን የፍላጻ የአደን ጫፍ ዒላማ ላይ ሞክሩት። ከልምምዱ ጫፍ ጋር አንድ ቦታ ላያርፍ ይችላል፤ ካላረፈ ማነጣጠሪያውን የምታስተካክሉት በስለቱ ልክ ነው።